ወረቀት አልባው ቤትና ፕሪንተሩ

የእህቴ ልጅ ቤቷን «ወረቀት አልባ» አድርጋለች። አዋጁን የሰማነው በቤተሰቡ የቴሌግራም ግሩፕ ነው። ልጠይቃት ብሄድ፣ ሳሎኑ ውስጥ ከሁላችንም በላይ ተከብሮ የተቀመጠው ፕሪንተር ነው።

«ይሄስ?»

«የልጄ ትምህርት ቤት የቤት ሥራውን በቴሌግራም ነው የሚልከው። አትሞ ማሠራት የወላጅ ነው።»

«ድሮ ማን ነበር የሚያትመው?»

«ትምህርት ቤቱ።»

«እንግዲያው ወረቀት የተወው ትምህርት ቤቱ ነዋ! አንቺማ ማተሚያ ቤት ከፍተሻል።» ከፕሪንተሩ ሥር አንድ ደስጣ ወረቀት ተቀምጧል፤ 500 ቅጠል፣ ሁለት ኪሎ ተኩል ግድም። ቆራሌው ቢያየው በሯ ላይ ድንኳን ይተክል ነበር።

የእሷም ምላስ የዋዛ አይደለም። «ጋሼ፣ አንተ ራስህ ቦርሳህ ከመወፈሩ የተነሳ ስትቀመጥ በቅሎ ላይ ያለህ ትመስላለህ። ብር ቢሆን ደግ፤ ደረሰኝ ነው!»

«ዋስትናዬ ነው።»

«እስቲ የፍሪጁን አውጣና አንብብልኝ።»

አወጣሁት። ከማጠፊያው መስመር በቀር ምንም አይታይበትም። የካሽ ሬጅስተር ወረቀት ቀለም አይታተምበትም፤ ላዩ ላይ የተቀባው ኬሚካል በማሽኑ ሙቀት ሲጠቁር ነው ጽሑፍ የሚሆነው። ኪስ ሲያሞቀው፣ ፀሐይ ሲያገኘው፣ ዘይት የነካው እጅ ሲያሸው ደግሞ ይለቃል።

«ዋስትናው ሁለት ዓመት፣ ደረሰኙ አንድ ክረምት!» አለችኝ።

«ምን ይገርምሻል? የሻጩ ቃል ከሱቁ በርም አላለፈም!»

ያም ሆኖ በደረሰኙ ነገር ልጅቷ ትክክል ናት። በገዙበት ቀን ፎቶ አንስቶ፣ ስም ሰጥቶ ማስቀመጥ ነው። ስም መስጠቱ ይሰመርበት፤ ስም የሌለው ደረሰኝ በልደት ኬክና በጥምቀት ፎቶ መሀል ገብቶ ሲፈለግ ከወረቀቱ ይብሳል።

ቀጥላ የዱቤ ደብተራችን ላይ መጣች። ባለሱቁ ዕዳችንን የሚጽፍበት፣ ጠርዙ ስኳርና ጋዝ የጠጣ ደብተር አለ። «ለምን በስልክ አይመዘግበውም?»

«ጠላቴ ነሽ እንዴ? ደብተሩን አንድ ቀን ዝናብ ቢያገኘው ዕዳዬ ይሰረዛል። የስልኩ ባክአፕ አለው!»

ወደ ጋዜጣ ተሻገርን። «አዲስ ዘመን ከ1933 ጀምሮ ስንት ነገር ሆኗል መሰለሽ! ተነብቦ ሲያበቃ መደርደሪያ ላይ ይነጠፋል፣ ጭቃ ግድግዳ ላይ ይለጠፋል፣ መስታወት ይወለወልበታል፣ ቆሎ ይጠቀለልበታል። ያንቺ ቻናል እስቲ ቆሎ ይጠቅልል!»

«ጋሼ፣ ቀለሙ እኮ ቆሎው ላይ ይቀራል። ዜናውን እየበላኸው ነው።»

«ዜናውንማ ድሮም ስንውጠው ነው የኖርነው።»

«እኔ ደግሞ የገዛሁት ሚጥሚጣ በማላውቀው ልጅ የሂሳብ ፈተና ተጠቅልሎ መጣልኝ። ከ20 3 አምጥቷል፤ ስሙ ሳይቀር አለበት።»

«ሚጥሚጣውስ ከውጤቱ ይበልጥ ያቃጥል ነበር?»

ወረቀት አልባ ከተባለ አይቀር ስለ ሶፍትም ጠየቅኋት። «ለሱስ አፕ ወጥቶለታል?»

«ውሃ አለ።»

«ውሃውም እንደ ኔትወርኩ በፈረቃ ነው!» እዚህ ላይ ዝም አለች፤ ሰፈሯ ውሃ የሚመጣው ሌሊት ነው።

የሠርግ ጥሪ ካርድን ግን ሁለታችንም አሰናብተነዋል። ያንን ሁሉ ወርቃማ ጽሑፍ ማንም አያነበውም፤ ዓይን የሚሄደው ወደ ቀኑና ወደ አዳራሹ ነው። ቢሆንም አንድ የሰፈራችን አዛውንት ጥሪ በቴሌግራም ቢደርሳቸው፣ ያውም ፎርዋርድ መደረጉ እላዩ ላይ እየታየ፣ «ለሰው የተላከ የተረፈ ነው እንዴ የምጠራው?» ብለው ሳይሄዱ ቀሩ። እውነት አላቸው። እሳቸው የፈለጉት ወረቀቱን ሳይሆን ይዞት የሚመጣውን እግር ነው። እግር ከጠፋ ይደወልላቸው።

የቤት ካርታ፣ የልደትና የጋብቻ ምስክር ወረቀት ዋናው በክብር ይቀመጥ። የመብራት ደረሰኝ ግን መሳቢያ ውስጥ ምን ቤት ነው? ቴሌብር በግንቦት 2013 ከመጣ ወዲህ የመብራቱንም የውሃውንም ሒሳብ ሶፋ ላይ ጋደም ብሎ መክፈል ተለምዷል። ፋይዳም መጣ፤ «ዲጂታል መታወቂያ» ተባለ። ሕዝባችን ምን አደረገው? አሳትሞ ላሚኔት አስደረገው!

አትፍረዱበት። የመሥሪያ ቤቱ መስኮት ጋ ያለው ሰው «ኮፒ» ይላላ። ኮፒ ቤት ስትሄዱ ልጁ «በቴሌግራም ላክልኝ» ይላችኋል። ትልካላችሁ፣ ያትማል፣ ትከፍላላችሁ። ወረቀቱን ይዛችሁ ስትመለሱ ባለመስኮቱ ስካን አድርጎ ኮምፒውተሩ ውስጥ ያስገባዋል! ከስልክ ተነስቶ ኮምፒውተር ለመግባት በወረቀት መሳፈር ግዴታ ነው፤ ታሪፉን የሚሰበስበው ኮፒ ቤቱ።

መታወቂያችሁ ደግሞ ኮፒ ቤቱ ልጅ ጋ ከሰፈሩ ሁሉ መታወቂያ ጋር አብሮ ተኝቷል። የወረዳው መዝገብ አንድ ቀን ቢጠፋ ከሱ ቴሌግራም ይገለበጣል። አትሞ እንደጨረሰ የላካችሁትን ከእናንተም ከእሱም በኩል አጥፉት፤ ቴሌግራም ይፈቅዳል። ኮምፒውተሩ ላይ ያወረደውንም እፊታችሁ ያጥፋው። ካኮረፈ ያኩርፍ።

በቀደም አንድ መሥሪያ ቤት የመብራት ክፍያ ማረጋገጫ ተጠየቅሁ። መስኮቱ ጋ ለተቀመጠው ወጣት ስልኬን ዘረጋሁለት።

«በወረቀት» አለኝ ወጣቱ።

«ወንድሜ፣ የኤሌክትሮኒክ ግብይት አዋጅ ቁጥር 1205/2012 እኮ አለ። መረጃው ኤሌክትሮኒክ ስለሆነ ብቻ ሕጋዊነቱን አያጣም።»

ቀና ብሎ አየኝ። «አዋጁን ይዘውታል?»

«ስልኬ ላይ አለ።»

«እሱንም ኮፒ አድርገው ያምጡት።»