የአምናው ጉድጓድ ይበቃል

ክቡራን የሳይንስ መምህራን፣ የ7ኛና የ8ኛ ክፍል ልጆችን በአካባቢ ጥበቃ እንዴት እናሳትፍ እያላችሁ አትጨነቁ። መላው ድሮ ተገኝቷል።

ቀኑ ግንቦት 28 ነው፤ የዓለም የአካባቢ ቀን። ችግኝ የሚወደው ሐምሌን ነው፣ ሐምሌ ላይ ግን ትምህርት ቤት ዝግ ነው። እንግዲህ ችግኙ ዝናቡን ታግሦ ይጠብቅ። ካልታገሠ ጥፋቱ የራሱ ነው።

ጉድጓድ መቆፈር አያስፈልግም፤ የአምናው አፉን ከፍቶ እየጠበቀ ነው። ልጆቹ የክብር እንግዳው እስኪመጡ ሁለት ሰዓት ፀሐይ ላይ ይሰለፉ፣ ውኃ በሃይላንድ ይታደላቸው፣ ከኋላቸው «ፕላስቲክን እንከላከል» የሚል የፕላስቲክ ባነር ይወጠር። እንግዳው ሲደርሱ ችግኙ ከነጥቁር ፕላስቲኩ ጉድጓድ ይግባ፤ ፕላስቲኩን መቅደድ ጊዜ ይፈጃል፣ ካሜራማኑም ይቸኩላል። ሥር ውኃና ማዕድን ከአፈር እንደሚመጥ ልጆቹ ፈተና ላይ ጽፈው ሙሉ ማርክ አግኝተዋል። ፕላስቲኩ ውስጥ የሚጠቀለለው ሥር ይህን አለማወቁ የእነሱ ጥፋት አይደለም።

በቀሩት ቀናትም ቢሆን አካባቢ ጥበቃ አልተዘነጋም። አርፍዶ የመጣ ሁሉ ግቢውን ዞሮ ወረቀት ይለቅማል። በሰዓቱ የደረሰው ጎበዝ ግን ምን በወጣው? ክፍል ገብቶ ስለ አካባቢ ብክለት ማስታወሻ ይገለብጣል። የተለቀመው ወረቀትና ፌስታል ከሽንት ቤቱ ጀርባ ይቃጠላል፤ ጭሱም በ8ኛ ክፍል መስኮት ይገባል። መምህሩ ሰሌዳው ላይ አየር ከምን ከምን እንደተሠራ እየጻፉ ነው። እያሳሉም ቢሆን ይጨርሱታል። በተግባር የተደገፈ ትምህርት ማለት ይህ ነው።

ከአንድ ነገር ብቻ ተጠንቀቁ፤ ልጆቹ እጅ ማስመሪያ እንዳይገባ። አዋጅ ቁጥር 513/1999 ውፍረቱ 0.03 ሚሊ ሜትርና ከዚያ በታች የሆነ የማይበሰብስ ፌስታል እንዳይመረትና እንዳይገባ ከልክሎ ነበር። ይህን የሰማ ተንኮለኛ ልጅ ሃምሳ ፌስታል ደርቦ፣ መቶ ንጣፍ መሆኑን አስልቶ፣ ጥብቅ አድርጎ ይጫነዋል፤ ይለካዋል። ከ3 ሚሊ ሜትር ካልበለጠ ወሬው አበቃ፤ ነገ ባለሱቁን፣ ከነገ ወዲያ ወላጁን፣ ከዚያም እግዜር ያውቃል፣ ወረዳውን ይጠይቃል። ይህ ዓይነቱ ልጅ ለባነር መያዣነት እንኳ አይሆንም።

እንዲህ ያለችዋ አንዷ፣ ቀጭን፣ የፊት ወንበር ተቀማጭ፣ እጇን አውጥታ «ቲቸር፣ አምና ከተከልነው ስንቱ ጸደቀ?» ብትላችሁ አትደናገጡ። ፈገግ ብላችሁ፣ መቁጠር የሒሳብ ክበብ ሥራ መሆኑን አስረዷት።