የቢራቢሮ ዓሣ ለማስተናገድ ለቆረጡ የተሰጠ ምክር

ቤትዎ ሰላም ከበዛበት፣ ገንዘብዎ መውጫ ካጣ፣ ሌሊቱን ሙሉ መተኛትም ከሰለቸዎ፣ የጨው ውሃ ገንዳ ተክለው የቢራቢሮ ዓሣ ያስገቡበት። የዚህ ዓሣ ዝርያዎች ከ120 በላይ ናቸው። አብዛኞቹ በሕንድና በፓስፊክ ውቅያኖሶች የኮራል ዳርቻ ይኖራሉ፤ ከቀይ ባሕርና ከኤደን ባሕረ ሰላጤ ውጭ የማይገኙም አሉ። መልካቸው ያማረ፣ አመላቸው የከበደ ነው።

አስቀድሞ ውሃው ይዘጋጅ። ሲዋኝ የሚውል ዓሣ ስለሆነ 400 ሊትር ከማይሞላ ገንዳ ጋር ባይተዋወቁ ይሻላል። በሊትር 35 ግራም ሲሰላ ለዚህ ወደ 14 ኪሎ ጨው ያስፈልጋል። ታዲያ ወደ ጓዳ ገብተው የወጥ ጨው እንዳያነሱ፤ አሞሌም ቢሆን፣ የአፋርን ክብር ሳንነካ፣ አይሆንም። የባሕር ውሃ ማግኒዥየም፣ ካልሲየምና ሌላም ብዙ ነገር ስላለበት፣ ለዚሁ ተብሎ የተቀመመ ጨው ይገዛሉ። ቀጥሎ ማሞቂያውን 25 ዲግሪ ላይ ያደርጉና ፓምፑን ከፍተው፣ ጥቂት አሞኒያ እየጨመሩ፣ ዓሣ የሌለበትን ገንዳ ከ4 እስከ 6 ሳምንት ቁጭ ብለው ያያሉ። በዚህ ጊዜ ባክቴሪያዎች ይራባሉ፤ ዓሣውን የሚመርዘውን አሞኒያ ወደ ናይትራይት፣ ናይትራይቱን ደግሞ ጉዳቱ ወደቀለለው ናይትሬት ይለውጣሉ። ጎረቤት መጥቶ «ዓሣው የታለ?» ቢልዎ «ለጊዜው ባክቴሪያ እያረባሁ ነው» ይበሉት። ሁለተኛ አይጠይቅዎትም።

ቀጥሎ ምርጫው ይመጣል። እዚህ ላይ ሰው ሁሉ የሚሳሳተው ቀለም አይቶ ነው፤ እርስዎ ግን አፉን ይዩ። በቀይ ባሕር የሚኖረው ኬቶዶን ኦስትሪያከስ ቢጫ መደብ ላይ ቀጫጭን ጥቁር መስመር የተሰመረበት፣ ሲያዩት ኪስ የሚያስፈታ ዓሣ ነው። ምግቡ ሕይወት ያለው ኮራል ነው። ኬቶዶን ትራይፋሺያሊስ ደግሞ ከኮራልም መርጦ አክሮፖራ የሚባለውን ካልሆነ አይነካም ማለት ይቻላል። እነዚህን ካልገዛሁ ካሉ የኮራል እርሻ አስቀድመው ያቋቁሙ። ኮራል የዓመት እድገቱ በሴንቲሜትር የሚለካ ነው፤ ዓሣው ግን ከንጋት እስከ ምሽት ይነጫል። ሒሳቡን ለእርስዎ ትቻለሁ።

ልብዎ ከራራ ግን ቢጫውን፣ በዓይኑ ዙሪያ ሰማያዊ ግራጫ ጥላ ያለበትን ኬቶዶን ሴሚላርቫተስን ይምረጡ። ይህኛው የገንዳ ምግብ ይለምዳል። ችግሩ፣ በባሕር ውስጥ ብዙ ጊዜ ጥንድ ሆኖ ስለሚኖር አንዱን ሲያዩ ሁለተኛውን መግዛት ያምርዎታል፤ እያንዳንዱ ደግሞ ከ20 ሴንቲሜትር በላይ ያድጋል። ረጅም አፍንጫ ያለው ኬልሞን ሮስትራተስም አለ። አይፕታዚያ የተባለውን የገንዳ ተባይ ይበላልናል ብለው ብዙዎች ይገዙታል። አንዳንዴ ይበላል። አንዳንዴም ተባዩን ትቶ በውድ የገዙትን ኮራል ይቀምሳል።

የትኛውንም ቢመርጡ ከመክፈልዎ በፊት ሻጩን «እስቲ ሲበላ አሳየኝ» ይበሉት። የጾመውን ዓሣ ይዘው ቤት ከገቡ በኋላ ልመናው የእርስዎ ነው። በአገራችን እንግዳ አልበላም ሲል «በሞቴ» ይባላል፤ ይህ እንግዳ ግን በሞትዎ አይደነግጥም። ለጉርሻም አፉ ጠባብ ነው። ስለዚህ ደቃቅ ሽሪምፕ ከበረዶ ያወጡለታል፤ እምቢ ሲል ቀንድ አውጣ መሳይ የባሕር እንስሳ ከነቅርፊቱ ከፍተው ያስቀምጡለታል። ኮራል እየነጨ ያደገ ስለሆነ ከቅርፊት ላይ መንጨት ይቀናዋል። ይህንንም በቀን ደጋግመው ያቀርባሉ። የተረፈውን ቶሎ ካላነሡ ውሃው ይበላሻል፤ ውሃው ሲበላሽ ያ የጀመረው ምግብም ይቀራል።

አዲሱን ዓሣ ለ4 ሳምንት ያህል ለብቻው ማቆየትዎን አይርሱ። ክሪፕቶካሪዮን የሚባለው ጥገኛ ተሕዋስ በነጭ ነጠብጣብ ይመጣል፤ አንድ ዓሣ ይዞት ከገባ ሌሎቹን አይምርም። መድኃኒቱ መዳብ ነው። መዳብ ደግሞ ኮራልና ሽሪምፕ ስለሚገድል ሕክምናው በሌላ ገንዳ ይሆናል። አንድ ገንዳ ብለው የነገሯቸው ባለቤትዎ ይህን ጉዳይ ሲሰሙ ዝም ካሉ፣ ዝምታውን እንደ ፈቃድ አይቁጠሩት።

በመጨረሻ አንድ ርካሽ አማራጭ ልጠቁም። በቀይ ባሕር ዳር ባለችው የእስራኤል ከተማ በኤላት፣ ከባሕሩ ወለል በታች የተሠራ መመልከቻ ክፍል አለ፤ እርስዎ በመስታወት ውስጥ ይቆማሉ፣ ዓሦቹ በውጭ ይዋኛሉ። ጨው መመዘን የለም፣ አሞኒያ የለም፣ ልመና የለም። አይተው ሲመለሱ ዓሣው አሁንም ቤትዎ ቢኖር ካማረዎ፣ እንደገና ይሂዱ።