የድንጋይ ዘመን

እኩዮቼ፣ ከእናንተ በቀር ማን ይሰማኛል! ድሮ ቆቦ ላይ ማለዳ ስንገናኝ «ከብቱ ደኅና አደረ?» ነበር የምንባባለው። አሁን «ባትሪህ አደረልህ?» ሆኗል።

በእኛ ጊዜ የባትሪ ድንጋይ ነበር። ራዲዮኑ ሲዳከም ድንጋዩን አውጥተን፣ በጥርሳችን ነክሰን፣ ፀሐይ ላይ አስጥተን እንመልሰዋለን፤ አለቀ! ዜናው መሀል ላይ ቢቋረጥ የቀረውን ራሳችን እንጨርሰዋለን፣ ያውም ከጋዜጠኛው አሳምረን። ኩራዙም ከላምባ ሌላ የጠየቀን ነገር የለም። ጭሱ ቢያስለቅሰንም ወደን ነበር የምናለቅሰው።

የዛሬው የሶላር ባትሪ ግን፣ አቤት መቀማጠሉ! ውኃ ይጠጣል። የሆርማት ወንዝ ውኃ አይሆነው፣ የቧንቧ አይሆነው፤ የተጣራ ብቻ። ውኃው ጎድሎ የእርሳስ ሰሌዳዎቹ ከታዩ ይበላሻል፣ ከበዛ ደግሞ ኃይል ሲሞላ አሲዱ ይገነፍላል። ጫፉ ነጭ ዝገት ሲያወጣ በሶዳ እጠበው፣ ቫዝሊን ቀባው ይሉኛል። ልጆቼን በቅቤ ያሳደግሁ ሰው ለባትሪ ቫዝሊን ልግዛ? ሙቀትም አይችልም። ከ25 ዲግሪ በላይ በየ10 ዲግሪው ዕድሜው በግማሽ ያህል ይቀንሳል። ታዲያ ራያ ቆላ ምን ሊሠራ መጣ? ላስታ ደጋ አይወጣም! ሲሞላ ደግሞ የሚነድ ጋዝ ስለሚተነፍስ አየር ይፈልጋል። እናም ነፋሻው ጥግ፣ የእኔ መደብ የነበረው፣ የእሱ ሆኗል። እኔ ደጅ ነው የማድረው።

ጠጋኙ ልጅ ምን ቢለኝ ጥሩ ነው? «አባባ፣ ይህ እኮ የአይሱዙ ባትሪ ነው። ሰሌዳው ስስ ነው፣ ሞተር ለማስነሳት እንጂ ሌሊቱን ሙሉ መብራት ለማብራት አልተሠራም። ጀልባ ላይ እንኳ ለማስነሻው አንድ፣ ለመብራቱ ሌላ ነው የሚያዘው።» ጀልባ! ቆቦ ላይ! ጤፍ ጭኖ ዳገት የሚወጣ አይሱዙ አንዲት አምፖል ከበደችው?

መስኖውም ያው ነው። ድሮ ጋራው ላይ ደመና ሲቋጥር ጎርፉ በገዛ እግሩ ማሳችን ድረስ ይመጣ ነበር፤ ፓምፕ አይል፣ ቁልፍ አይል። አንዳንዴ ማሳውን ይዞት ቢሄድም ደርሶ ነው የሚሄደው። ዛሬ ውኃው ከጉድጓድ ተለምኖ ይወጣል።

እኔማ ይህን ሁሉ ጣጣ ንቄ ትቼዋለሁ። 12.7 ቮልት ሲሆን ሙሉ፣ ወደ 12 ሲወርድ ሊያልቅ የደረሰ መሆኑን ለማየት ያህል ብቻ መለኪያዋን ጋቢዬ ጫፍ ቋጥሬ እዞራለሁ። በሉ፣ ስልኬም ልትዘጋብኝ ነው፣ ልሰካት... ማነው በዚህ ሰዓት አምፖል ያበራ? አጥፉ! 11.9 ገብቷል!