ሽንት ቤት ያለው መኪና ማን ያውቃል?

ከጥሊሊ ተነሥቶ አዲስ አበባ የሚሄድ ሰው መጀመሪያ የሚያስበው ስለ ሽንቱ ነው። ትኬቱ፣ ስንቁ፣ ማደሪያው ከዚያ በኋላ የሚመጡ ናቸው። ደፍሮ የሚናገረው ግን የለም፤ ነውር ነዋ! በየወንበራችን ላይ ጥርሳችንን ነክሰን እንጓዝና ወርደን ስንገናኝ የምናወራው ስለ አስፋልቱ መቆፋፈርና ስለ ታሪፉ መወደድ ነው። እኔ በበኩሌ በቃኝ። እናቴን ለሕክምና ይዤ መመላለስ ከጀመርሁ ወዲህማ ዝም ማለቱን አልቻልሁም።

ጥሊሊ የጓጉሳ ሽኩዳድ ወረዳ ዋና ከተማ ናት፤ ከቡሬ ወደ እንጅባራ በሚወስደው አስፋልት ግራና ቀኝ የተቀመጠች። በደብረ ማርቆስ በኩል አዲስ አበባና ባሕር ዳር የሚመላለሰው መኪና ሁሉ በደጃችን ያልፋል። ከዚህ አዲስ አበባ ከ400 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። ሌሊት 11 ሰዓት ተነሥቶ፣ ቡሬን፣ ፍኖተ ሰላምን፣ ደምበጫን፣ ማርቆስን አልፎ፣ ከደጀን ወደ ዓባይ በረሃ ወርዶ፣ ጎሐ ጽዮን ወጥቶ፣ ፍቼን አቋርጦ እስኪገባ ድረስ ቀኑ ያልቃል። ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ወዲህ ደግሞ መንገድ የሚዘጋበት ቀን አለ፤ ያን ጊዜ መኪና ውስጥ ተኮራምቶ ማደርም ይመጣል። በዚህ ሁሉ ሰዓት ውስጥ የመንገደኛ ሽንት የት እንደሚሸና የወሰነ አካል የለም። የወንበሩ ቁጥር ተወስኗል፣ የሻንጣው ኪሎ ተወስኗል፣ ታሪፉ ተወስኗል። ይኼ አልተወሰነም።

እናቴ የደም ግፊትና የስኳር ሕመምተኛ ናት። ስኳሩ ራሱ ሽንት ያመላልሳታል። ከምትውጣቸው ክኒኖች አንዱ ደግሞ ሥራው ሽንት ማብዛት ነው፤ ትርፍ ጨውና ውሃ በኩላሊት አስወጥቶ ግፊቱን ያወርዳል። ስለዚህ ለመንገድ ስትነሣ ክኒኑን ትተዋለች። ከዋዜማው ጀምሮ ውሃም አትቀምስም። ብለምናት፣ ብቆጣት አትሰማኝም፤ «ልጄ፣ በሰው ፊት ከምዋረድ ይመመኝ» ትላለች። ሐኪሟ ዘንድ ለመድረስ ስትል ሐኪሟ ያዘዘላትን ትተዋለች ማለት ነው። ደርሳ ስትለካ ግፊቷ ጣራ ነክቷል። «እማማ፣ መድኃኒቱን በትክክል አይወስዱም እንዴ?» ይሏታል። እሷ አፍራ ታቀረቅራለች። ለዚያ ቀን ግፊት ተብሎ የመድኃኒቱ መጠን ይጨመርና እንመለሳለን። ይህ የእናቴ ብቻ ነው እንዳልል፣ አጠገባችን ተራ የሚጠብቁት ከማንኩሳም ከዳንግላም የመጡ ሴቶች የሚያወሩት ይህንኑ ነው። እርጉዞቹማ ይብስባቸዋል። ውሃ ሳይጠጡ፣ ሽንት ቋጥሮ መዋል ለሽንት ቧንቧ ሕመም እንደሚያጋልጥ የማያውቅ የለም፤ አውቀንም ያው እንቋጥራለን።

ረዳቱን መለመን ደግሞ ራሱን የቻለ ፈተና ነው። ሰው ሁሉ እየሰማ ከወንበር ተነሥቶ፣ የሚወዛወዘውን ብረት ይዞ፣ «ወንድሜ፣ እናቴ ስለቸኮለች አንድ ጥግ ላይ ይቁምልን» ይባላል። «እማማ፣ ትንሽ ይቻሉት፤ ደምበጫ እንቆማለን።» ደምበጫ ሲደረስ «እዚህ ትራፊክ አያስቆምም፤ ማርቆስ እንቆማለን»። እናቴ ዓይኗን ጨፍና፣ ሁለት እጇን ጉልበቷ መካከል አድርጋ፣ ከንፈሯ ይንቀሳቀሳል፤ የምትጸልየው መኪናው ጉድጓድ እንዳይገባ ነው።

ሲቆምም ሜዳ ላይ ነው። «ወንድ በዚህ፣ ሴት በዚያ!» ወንዱ ፊቱን አዙሮ ጎማው ሥር ይጨርሳል። ሴቷ ቦይ ተሻግራ፣ ቁልቁለት ወርዳ፣ ቁጥቋጦ ፍለጋ ትሄዳለች። ከዚህ ከእኛ እስከ እንጅባራና ፋግታ ድረስ ዲከረንስ የሚባለው ዛፍ ስላለ ቢያንስ መከለያ አይጠፋም፤ ከቡሬ ወዲያ ያለው ሜዳ ግን እርሻው እንደ መዳፍ ተዘርግቶ ምን ይከልልሽ? ነጠላ ነው መጋረጃው። የማላውቃት ሴት ነጠላዋን በሁለት እጇ ዘርግታ ትቆማለች፤ እኔ ከፊት ሆኜ እናቴን በሁለት ክንዷ እይዛታለሁ፤ ጉልበቷ የታመመ ስለሆነ ቁጢጥ ማለቱም መነሣቱም በእኔ ነው። ክረምት ከሆነ መሬቱ ያዳልጣል። ገና ሳትቀመጥ ረዳቱ የመኪናውን ጎን ይደበድባል፤ «እንሂድ! እንሂድ!» ሾፌሩ ጥሩምባውን ያስጮኻል። እናቴ ሳትጨርስ ትነሣለች። ልጆች ያሳደገች፣ በአገሯ «እሜቴ» እየተባለች የምትከበር ሴት እኮ ናት!

የገበሬውስ በደል? በ1995 ዓ.ም. የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም ከተጀመረ ወዲህ በየቀበሌው ቤት ለቤት እየተዞረ፣ ጉድጓድ ቁፈሩ፣ ክዳን ግጠሙ፣ እጅ መታጠቢያ በጀሪካን ስቀሉ ተብሏል። ሕዝቡም ቆፍሯል። ብዙ ቀበሌ ሜዳ ላይ ከመጸዳዳት ነጻ ሆኗል ተብሎ ሰሌዳ ተተክሎለታል። እኛ ከአውቶቡስ የምንወርደው እዚያ ሰሌዳ አጠገብ ነው። ባለ ማሳው በጤፉ መካከል ሰው ሲጎርፍበት ዱላ ይዞ ቢመጣ ምን ይፈረድበታል? ለገዛ ልጁ ሽንት ቤት ቆፍሮ፣ በየቀኑ የመንገደኛ ቆሻሻ የሚታቀፈው እሱ ነው።

«ምግብ ቤት ስትገቡ ለምን አትጠቀሙም?» የሚል አይጠፋም። ቁልፉ ባንኮኒ ላይ ነው፤ የላስቲክ ጠርሙስ ታስሮበታል። ቁልፉን ለመውሰድ ሰልፍ አለ፤ ምግብ ያላዘዘ አይሰጠውም። የገባ ደግሞ ወለሉ ረጥቦ፣ መቀርቀሪያው ወልቆ፣ ቦርሳ መስቀያ ሚስማር እንኳን አጥቶ፣ ቀሚሱን በጥርሱ ይዞ ነው የሚወጣው። መታጠቢያው ላይ ውሃ የለም። በዚያው እጅ እንጀራ ይቆረሳል። በመናኸሪያዎቹ ያለውን አላነሣውም።

ታዲያ መፍትሔ ብዬ ያሰብሁት ሽንት ቤት ያለው አውቶቡስ መፈለግ ነበር። መኖሩ አለ። ረዥም መንገድ የሚሄዱት ዘመናዊ አውቶቡሶች አንዳንዶቹ ከፋብሪካ ሲወጡ ከመካከለኛው በር ደረጃ አጠገብ ጠባብ ሽንት ቤት ተሠርቶላቸዋል። ትኬት ቆራጩን ጠየቅሁት፤ «አለው» አለኝ። ዋጋውም የዚያኑ ያህል ነበር፤ ከፈልሁ። መንገድ ከጀመርን በኋላ በሩን ብገፋው ተቆልፏል። ረዳቱ ሲከፍተው በውስጡ ጀሪካን፣ የተጠቀለለ ሸራ፣ የሰው ካርቶንና የራሱ የመኝታ ብርድ ልብስ ነው ያለው። መቀመጫው ከካርቶኑ ሥር ይታያል። «አይሠራም እኮ፣ እናቴ፤ ማንም አይጠቀምበትም» አለኝ።

ለምን እንደማይሠራ የነገረኝ የዚያው መኪና ሾፌር ነው፤ ምሳ ላይ አጠገባችን ተቀምጦ። ሰውየውን አልጠላሁትም፤ ያለውን በግልጽ ነው የነገረኝ። ሽንት ቤቱ ታንከር አለው፤ ታንከር ደግሞ ይሞላል። ሲሞላ የት ይደፋ? እሱ በሚያውቃቸው መናኸሪያዎች የአውቶቡስ ታንከር የሚቀበል ጉድጓድ የለም። ፍሳሽ መጣጭ መኪና በየትንሹ ከተማ አይገኝም፤ ቢገኝም ለአንድ አውቶቡስ ብሎ አይመጣም። ታንከሩ ሳይደፋ ሲከርም ይሸታል፤ ሲሸት ተሳፋሪ ይጮኻል፤ ባለ ንብረቱ ቆልፈው ይላል። ውሃም መሞላት አለበት፤ ውሃ ኪሎ ነው፣ ኪሎ ነዳጅ ነው። ማጽዳቱ የማን ሥራ እንደሆነ ደግሞ አልተጻፈም፤ ረዳቱ ለዚያ አይከፈለውም። በሩ የተቆለፈው እንዲህ ሆኖ ነው።

አሜሪካ፣ ኮሎራዶ የሚኖረው የወንድሜ ልጅ ይህን ሁሉ ሲሰማ፣ «አክስቴ፣ እኔም የተቸገርሁት በዚሁ ነው» አለኝ። እሱና ሚስቱ ከትንንሽ ልጆቻቸው ጋር ለመንሸራሸር፣ በመኪና የሚሳብ፣ ትንሽ፣ ቀላል፣ ሽንት ቤት ያለው ቤት ሊገዙ እየመረጡ ነው። እኛ ተሳቢ የምንለው ዓይነት ሆኖ፣ ውስጡ አልጋና ምድጃ ያለው። በየጉዟቸው ልጆቹ «ሽንቴ መጣ» ሲሉ መከራቸውን አይተዋል። ምርጫው ግን እንዲህ ቀላል አይደለም። ሽንት ቤት ያለው አብዛኛው ይከብዳል። ከቀላሎቹ አብዛኞቹ ሽንት ቤት የላቸውም። አራት ሜትር ገደማ የሚሆኑ፣ ከፋይበር ግላስ የሚሠሩ አሉ፤ ሽንት ቤት ገብቶባቸው እንኳን ባዷቸውን ከ600 እስከ 700 ኪሎ ይመዝናሉ፤ ገላ መታጠቢያውና መቀመጫው በአንዲት ቁም ሣጥን በምታህል ክፍል ውስጥ ነው፤ ሲታጠቡ መቀመጫውም አብሮ ይታጠባል። መቶ ሊትር ውሃ ሲሞላ መቶ ኪሎ ይጨመራል። ከጠቅላላው ክብደት ከ10 እስከ 15 በመቶው መሳቢያው መንጠቆ ላይ ካላረፈ ተሳቢው ከኋላ እየተወዛወዘ መኪናውን ሊጥል ይችላል። ሦስት ታንከር አለ፦ የንጹሕ ውሃ፣ የእጣቢ፣ የሽንት ቤት።

የፋይበር ግላሱ ነገር ከየት እንደመጣ ስሰማ ደነቀኝ። ካናዳ፣ ዊኒፔግ ውስጥ ሬይ ኦሌኮ የሚባል ሰው ለሽንት ቤት ፍሳሽ ማጠራቀሚያ ከፋይበር ግላስ ሠራ፤ ጠንካራም ቀላልም ሆነለት። ታንከሩ ይህን ያህል ከቀለለ ቤቱንም በዚሁ መሥራት ይቻላል ብሎ፣ በ1968 እንደ ፈረንጆቹ «ቦለር» የተባለችውን ትንሽ ተሳቢ አወጣ፤ ክብደቷ 450 ኪሎ አካባቢ ነበር። ሰውየው ከታንከሩ ነው የጀመረው። እኛ ጋ የታንከሩ ጉዳይ የሚነሣው ሁሉም ነገር ተሠርቶ፣ ተመርቆ፣ ሪባን ከተቆረጠ በኋላ ነው፤ አንዳንዴም ጨርሶ አይነሣም።

ልጁ በጎ ነው፤ «እንዲህ ያለውን ገዝተን ብንልክላችሁስ?» አለኝ። ከልቤ አሰብሁበት፤ እናቴን አስቤ። ግን ከደጀን እስከ ዓባይ ድልድይ ከ1,000 ሜትር በላይ ቁልቁል ነው፤ የራሱ ፍሬን የሌለውን ተሳቢ እዚያ ማውረድ ሞት መጥራት ነው። ሽቅቡም አለ። ቱርቦ የሌለው ሞተር በየ1,000 ሜትሩ ከፍታ ከጉልበቱ አንድ አሥረኛ ያህል ያጣል፤ የእኛ አገር ደግሞ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ነው። እዚህ ሰው ያለው ቪትዝና ኮሮላ ራሱን ችሎ ቢወጣ ተመስገን ነው። ይህንስ ላንድክሩዘር ተከራይቼ ተወጣሁት እንበል። ታንከሩን የት ልድፋው? የወንድሜ ልጅ በአንዳንድ ነዳጅ ማደያና ፓርክ መድፊያ እንዳለ፣ ቱቦውን ሰክቶ፣ አጥቦ እንደሚሄድ ነገረኝ። የተሳቢው ምርጫ ያስቸገረው እሱ መድፊያው አላስቸገረውም፤ የእኔ ሐሳብ ግን እዚያው ሾፌሩ የቆመበት ቦታ፣ መድፊያው ላይ ቆመ።

ማረፊያ እንዴት እንደሚደራጅ ለማየት ግን ምሳሌ አይጠፋም። ዓባይን ስንሻገር የምናልፍበት የሕዳሴ ድልድይ በጃፓን እርዳታ የተሠራ ነው። ጃፓኖች በአገራቸው ከ1993 እንደ ፈረንጆቹ ጀምሮ በአውራ ጎዳናው ዳር «ሚቺ ኖ ኤኪ» የሚሏቸውን የመንገደኛ ማረፊያዎች እየሠሩ መዝግበዋል፤ ዛሬ ከ1,200 በላይ ናቸው። ለመመዝገብ ከግዴታዎቹ አንዱ ሀያ አራት ሰዓት ክፍት የሆነ ነጻ ሽንት ቤትና መኪና ማቆሚያ መኖሩ ነው። አጠገቡ የአካባቢው ገበሬ ያመረተውን ይሸጣል፤ መንገደኛው ለሽንት ቆሞ አትክልት ገዝቶ ይሄዳል። ጥሊሊ ይህ ቢኖር ምን ይጎድልባት ነበር? ድንች አለን፣ ማር አለን፣ ቅቤ አለን። ትንሽ ወደ እንጅባራ ሲሉ የዘንገና ሐይቅ ከአስፋልቱ ሥር ነው። መኪናው ግን በደጃችን ብን ብሎ ያልፋል፤ ለሽንት የሚቆመውም ከከተማ ወጥቶ ሰው ማሳ ውስጥ ነው።

ሰማይ ይውረድልኝ አላልሁም። ቡሬ፣ ማርቆስ፣ ደጀን፣ ፍቼ ላይ የሚቆለፍ በር፣ ውሃ፣ የሚይዙት ብረትና ከፍ ያለ መቀመጫ ያለው ሽንት ቤት ይኑር፤ የአውቶቡስ ታንከር የሚደፋበት ጉድጓድም ከጎኑ ይቆፈር። ያስከፍል፤ ከምግቡ ዋጋ ቀንሼ እከፍላለሁ። የሚያጸዳውም ወጣት እንጀራ ይብላበት። ታሪፍ ሲወጣ የሚቆምበት ቦታና ደቂቃ አብሮ ይጻፍ፤ አሮጊት ረዳት እየለመነች አትሂድ። መኪናው ሽንት ቤት አለው ብሎ ያስከፈለ ደግሞ ካርቶኑን አውጥቶ በሩን ይክፈት።

የእናቴ ቀጠሮ ደርሷል። ከአሁኑ መኪና እያጠያየቅሁ ነው። አንዱ ወንበሩ ወደ ኋላ እንደሚለጠጥ ነገረኝ፤ ሌላው ቴሌቪዥን እንዳለው፤ ሦስተኛው ስልክ ቻርጅ የሚደረግበት በየወንበሩ መኖሩን። ሽንት ቤቱን ስጠይቅ ሦስቱም «መንገድ ላይ እንቆማለን» አሉኝ። የት እንደሚቆሙ ብጠይቅ የሚነግረኝ አላገኘሁም።