በገና እና ብቸኛው ለማጅ

በገና ገበቴ በሚባለው የድምፅ ሳጥንና ቀንበር በሚባለው አግዳሚ እንጨት መካከል ዐሥር አውታር የተወጠረበት የመዝሙር መሣሪያ ሲሆን፣ ከምንጊዜውም ይልቅ በዐቢይ ጾም 55 ቀናት ስለሚደረደር፣ ያለ መምህር ሊለማመድ ያሰበ ጀማሪ ቆርጦ የሚነሣው አብዛኛውን ጊዜ በሁዳዴ ዋዜማ ነው። ከሌሊቱ ዐሥር ሰዓት ተነሥቶ ሁለት ሰዓት ሊደረድር፣ ማታም ያንኑ ሊደግም ለራሱ ቃል ይገባል፤ ይህን የመሰለ ዕቅድ መናኝ እንኳ ቢሰማው የሚያመነታ ይመስላል።

የመጀመሪያው ፈተና ቅኝት፣ ማለትም አውታሮቹን አስማምቶ የመወጠር ሥራ ነው። በገናው የሚታወቅበትን እዝዝታ የሚሰጠው እንዚራ ነው፤ ይህም በእያንዳንዱ አውታርና አውታሮቹ በሚያርፉበት እንጨት፣ በበርኩማው፣ መካከል የሚገባ ትንሽ የቆዳ ቁራጭ ሲሆን፣ ከቦታው ጥቂት ሸሸት ካለ እዝዝታው ይጠፋል። ለማጁም አንዱን ገፋ፣ ሌላውን ሳብ ሲያደርግ ሰዓቱ ያልቅበታል፤ «በቃ፣ ይሁን» የሚለው መምህር አጠገቡ ስለሌለም፣ ደርዳሪ ሊሆን ተነሥቶ የቆዳ ቁራጭ ጠባቂ ሆኖ ይቀራል። ስለዚህ ዋናው ቅኝት ሰፋ ያለ ጊዜ በሚገኝበት በአንድ የዕረፍት ቀን ተለይቶ ቢሠራና በየምሽቱ የሚቀረው መጠነኛ ማስተካከል ብቻ ቢሆን ይመረጣል።

የጣቱ ነገር ደግሞ የበለጠ ያስተምራል። በተለመደው አደራደር ከዐሥሩ አውታሮች የሚመቱት ስድስት ብቻ ሲሆኑ፣ የቀሩት አራቱ የጣት ማሳረፊያ ናቸው፤ በገናው ለጣት ማረፊያ ሲኖረው፣ የለማጁ ዕቅድ ግን (ሌሊት ዐሥር ሰዓቱን ያስታውሷል) ለባለ ጣቱ ማረፊያ የለውም። በዚህ ላይ ብቻውን የተቀመጠ ሰው የሚያውቃትን አንዲት መዝሙር ደጋግሞ በመደርደር ለመደሰት እጅግ የተመቸ ነው፤ ጎረቤቱ ግን መዝሙሯን ብቻ ሳይሆን ስሕተቷንም በቃሉ ይዟታል።

የሚዘልቀው ልምምድ ሲያዩት የሚያሳፍር ያህል ትንሽ ነው፦ ከራት በኋላ ሩብ ሰዓት፣ መጀመሪያ ያለ ዜማ የጣት መልመጃ፣ ቀጥሎ ትናንት የከበደችው አንዲት ሐረግ ብቻ። በገናውም ከማኅደሩ ወጥቶ እጅ በሚደርስበት ጥግ ይቁም፤ ማኅደር መፍታት የሰነፍ ሰው ትልቁ ምክንያት ነውና። ሊጀምር ያሰበ ሰውም ሁዳዴን አይጠብቅ፤ በፍስኩ ወራት፣ ማንም ባላሰበው ማክሰኞ ማታ ይጀምር።