የላይቭ ሲዲ አጭር የሕይወት ታሪክ

ለቡ መብራት ኃይል፣ አንድ የኮምፒውተር ጥገና ቤት ደጃፍ ላይ ድንኳን ተጥሏል። የእድሩ አግዳሚ ተደርድሯል፤ ንፍሮው ቀርቧል። ፊት ለፊት ሌንሱ አቧራ የጠጣ ሲዲ ማንበቢያ፣ ከጎኑ ባትሪው የሞተ ዩፒኤስ፣ ጥግ ላይ ደግሞ ጀርባው ያበጠ አሮጌ ሞኒተር አንገታቸውን ደፍተው ተቀምጠዋል። የእድሩ ጸሐፊ ወረቀቱን ዘርግቶ ማንበብ ጀመረ።

ላይቭ ሲዲ ከአባታቸው ከሊነክስና ከእናታቸው ከዴቢያን ተወለዱ። ይግድራሲል የተባሉ አያት እ.ኤ.አ. በ1992 እንደነበሯቸው ሽማግሌዎች ይመሰክራሉ፤ ስማቸው በዓለም የተጠራው ግን እ.ኤ.አ. በ2000 ጀርመናዊው ክላውስ ክኖፐር ክኖፒክስ ብሎ ካወጣቸው በኋላ ነው። ወርዳቸው 12 ሴንቲ ሜትር፣ የመያዝ አቅማቸው 700 ሜጋባይት ቢሆንም፣ 2 ጊጋባይት የሚያህል ጓዝ አጣጥፈው ይሸከሙ ነበር።

ሟች ዕድሜያቸውን በኪራይ ነው የኖሩት። ሳይጫኑ ከሲዲው ተነሥተው ራም ላይ ያርፋሉ፤ ኢንተርኔት ያስከፍታሉ፣ ያስጽፋሉ፣ ያዘፍናሉ፤ ሃርድ ዲስኩ ላይ ግን አንዲት ምስማር አይመቱም። ኮምፒውተሩ ሲጠፋ ሁሉንም ስለሚረሱ ቂም የሚባል አያውቁም ነበር። መብራት ኃይል በሚባል ሰፈር መብራት ሲጠፋበት ለሚያመሽ ሰው ይህ ትልቅ ጸጋ ነው።

እ.ኤ.አ. በጥቅምት 2004 የደቡብ አፍሪካዊው የማርክ ሹትልወርዝ ኡቡንቱ የተባለ ሊነክስ ሲመጣ ኑሯቸው ተለወጠ። ሲዲው ለጠየቀ ሁሉ በነፃ በፖስታ ይላክ ጀመር። በፖስታው ውስጥ ሁለት ሲዲ ነበር፤ አንዱ ለሙከራ፣ አንዱ ለመጫን። እ.ኤ.አ. በጁን 2006 የወጣው ኡቡንቱ 6.06 ግን ሁለቱን አንድ አደረጋቸው፤ ዴስክቶፑ ላይ «ኢንስቶል» የምትል ምልክት ተቀመጠች። ያን ቀን ተከራዩ ቤቱን ልግዛ አሉ።

ግዢው ቀላል ይመስላል። ቋንቋ ይመረጣል፣ ካርታው ላይ አዲስ አበባ ትነካለች፣ ኪቦርድና ስም ይሞላል። ከዚያ እጅ የምታንቀጠቅጠው ገጽ ትመጣለች፦ ከዊንዶውስ ጋር በደባልነት ይኖሩ ወይስ ዲስኩ ይጥፋ?

«ልጄ፣ የሰርጉ ፎቶ አይጠፋም አይደል?» ይላሉ ዴስክቶፑን ያመጡት እናት።

«አይጠፋም እማማ፣ ፍላሽ ላይ ገልብጬዋለሁ።»

ልጁ አልዋሸም። ዊንዶውሱ አልነሣም ብሎ ነበር፤ ሟች በሲዲ ገብተው ዲስኩን ከፈቱ፣ ቫይረስ የደበቀውን ፎልደር ሳይቀር አውጥተው አስረከቡ። እንግዳ ሆነው የባለቤቱን ንብረት ከእሳት አወጡ። ስለዚህ ልጁ «ዲስኩን አጥፋ» የሚለውን በልበ ሙሉነት ነካ። መስመሩ ከግማሽ በላይ እንደተሞላ መብራት ሄደ። ዊንዶውስ ጠፍቷል፤ ሊነክስም ገና አልገባም፤ ቤቱ ወና ሆነ። መብራት ሲመጣ ሟች ምንም እንዳልተፈጠረ ከሲዲው ተነሥተው ከመጀመሪያው ገጽ ቀጠሉ።

ሕመሙ ቀስ ብሎ ነው የገባባቸው። እ.ኤ.አ. በ2008 ማክቡክ ኤር ያለ ሲዲ ማንበቢያ ወጣ፤ ሌሎችም ላፕቶፖች ተከተሉት። በኤፕሪል 2011 የነፃው ፖስታ ተዘጋ። በኦክቶበር 2012 የወጣው ኡቡንቱ 12.10 ከ700 ሜጋባይት አልፎ 800 ገደማ ገባ፤ የለመዱት ልብስ ጠበባቸው። በዚያው ወር ከዊንዶውስ 8 ጋር የመጡት ላፕቶፖች ደግሞ «ሴኪዩር ቡት» የሚባል ዘበኛ በር ላይ አቆሙ፤ መታወቂያ የሌለው ዲስክ አይገባም። ለቡ ላይ የጅቡቲው የኤሌክትሪክ ባቡር በመስከረም 2009 ዓ.ም. ሲመረቅ ሟች መሳቢያ ውስጥ ተጭረው ተኝተው ነበር።

ሟች ላይቭ ዩኤስቢ የሚባል ልጅ ትተዋል። እሱም እንደ አባቱ ሳይጫን ያስሞክራል፤ ቬንቶይ የሚባለው ፕሮግራም ከገባለትማ አሥር ዓይነት ሊነክስ በአንድ ፍላሽ ተሸክሞ ይዞራል። የአባቱን የመሽከርከር ድምፅ ግን አልወረሰም። ያ ድምፅ አንድ ምልክት ተነክቶ ፕሮግራሙ እስኪከፈት ድረስ «እየመጣሁ ነው» የሚል ይመስል ነበር።

ጸሐፊው ወረቀቱን ሲያጥፍ ከሱቁ ውስጥ «ቃ!» የሚል ድምፅ ተሰማ። የእማማ ዴስክቶፕ ተጭኖ አልቆ ነበር። እንደ ልማዱ ትሪውን ራሱ ከፈተ፤ ሲዲው ለብ ብሎ ብቅ አለ። ስክሪኑ ላይ ደግሞ ዲስኩን አውጥተው፣ ትሪውን ዘግተው ኢንተር ይጫኑ የሚል ጽሑፍ ቆሟል። ሲዲ ማንበቢያው አለቀሰ። ልጁ ሲዲውን በሁለት ጣት ጠርዙን ይዞ አነሣ፣ በሸሚዙ ጫፍ ጠረገ፣ ትሪውን በመዳፉ ገፋ።