ጆሮ ጠቢው ፍልፈል

ተረት ተረት! የላም በረት!

በድሮ ዘመን፣ ከዲላ አለፍ ብላ ባለችው ጪጩ፣ እንሰትና ቡና ከትልልቅ ዛፎች ጥላ ሥር ተጠጋግተው በሚበቅሉበት አገር፣ አራዊት ሁሉ በነብር ሥር ይተዳደሩ ነበር። አንድ ክረምት ከርከሮ ሌሊት ሌሊት እየመጣ እንሰቱን ከነሥሩ እየገለበጠ አስቸገረ። እንስሳቱ ነብር ደጅ ሄደው "ጠብቀን እንጂ!" ብለው ጮኹ።

ነብርም ከሩቅ አገር የመጣ ቀበሮ ነጋዴ ጠርቶ አንድ ቅርጫት ሙሉ ፍልፈል ገዛ። "እነዚህ በመሬት ውስጥ ሄደው ከየቤቱ ሥር ያዳምጣሉ፤ ማንም አያያቸውም" አለ ነጋዴው።

"ለሌላስ ትሸጣለህ?"

"ለከፈለ ሁሉ።"

ፍልፈሎቹ መጀመሪያ የከርከሮን ኮቴ አዳመጡ። ከርከሮ ተባሮ ሲሄድ ግን ሥራ አልፈቱም። ጦጣ ለልጇ የነገረችው፣ ሚዳቋ ውሃ ስትወርድ ያገኘችው፣ ኤሊ ለቅሶ ቤት ያጉረመረመው ሁሉ ማታ ማታ ነብር ደጅ ይደርስ ጀመር። ፍልፈል ደግሞ ጆሮውን ሲያውስ ጥርሱ አያርፍም፤ እንሰቱ ላዩ እንደለመለመ ሥሩ ተቦረቦረ። ጎረቤት ተጠራርቶ ቡና ሲጠጣ ጨዋታው ስለ ዝናብ ብቻ ሆነ።

ጉሬዛ የነብርን አገዛዝ ይነቅፍ ስለነበር ቀደም ብሎ ወንዝ ተሻግሮ ይኖራል። አንድ ቀን ከአገር ቤት በኮባ የተጠቀለለ ቆጮ ደረሰው። ናፍቆት ቆይቶ ነበርና ሳይጠረጥር ፈታው። ከጥቅሉ ግልገል ፍልፈል ዘሎ ወለሉ ሥር ገባ። ከዚያ ወዲያ ጉሬዛ ከወዳጆቹ የሚመካከረው ቀርቶ፣ ልጁ ለትምህርቱ የሚያጠናው ሁሉ ነብር ጆሮ ይገባ ጀመር።

ነገሩን የደረሰችበት ጉጉት ናት። በጨለማ የተቆለለውን ትኩስ አፈር እየተከተለች፣ ጉድጓዱ ከየት ተነሥቶ የት እንደሚወጣ ለየች። ከዛፍ ላይ ሆናም "መውጫው ነብር ደጅ ነው!" ብላ ለሰሚ ሁሉ አወጀች።

ጉሬዛ በማዶው ሸንጎ ክስ መሠረተ። "ዘመዶቼ ወዲያ ናቸውና ስሜ አይጠራ" ቢል ዳኞቹ ዝሆኖች ፈቀዱለት። የነብር ጠበቃ ቁራ ተነሣና "ነብር ገዥ ነው፤ ገዥ በባዕድ ሸንጎ አይከሰስም" አለ።

"ፍልፈል ባይሆንና መርዘኛ እባብ ቢልክስ?" አሉ ዝሆኖቹ።

"እባብም ቢሆን።"

ዝሆኖቹ ተያዩ። መከሩ፣ ዘከሩ፤ በመጨረሻም "ተበድለሃል ብንል እንኳ፣ ጥቅሉ የታሰረው ወዲያ ማዶ ነው። ሕጋችን የባዕድ ገዥን የሚይዘው በደሉ ከጫፍ እስከ ጫፍ በእኛ ምድር ሲፈጸም ነው" ብለው ፈረዱ። ጉሬዛ ተረታ።

ወሬው ጪጩ ሲደርስ ነብር ደገሰ። እንስሳቱ ግን በየቤታቸው ገብተው ወለላቸውን መርገጥ ያዙ። የሁሉም ቤት ሥሩ ባዶ ነበር። ያን ጊዜ በአገሩ የሽማግሌዎች መሰብሰቢያ፣ በሶንጎው ተሰበሰቡ።

"ፍልፈል በሙሉ ይለቅ!" አለች ጦጣ።

"ከርከሮ ተመልሶ ቢመጣስ?" አለ ኤሊ። ከዚያም ወደ ሶንጎው ዛፍ ግንድ አመለከተ። በግንዱ ላይ ሽበት ያበቀለ ሕግ ተቀርጿል፦ "የሶንጎው ዳኛ ሳይፈቅድ ከማንም ቤት ሥር ጉድጓድ አይቆፈር።" ያስቀረጸው ራሱ ነብር ነው።

"ታዲያ ማን ደፍሮ ጣሰው?"

"ማን ደፍሮ ጠየቀ ብትሉ ይሻላል" አለ ኤሊ። "ጉሬዛ በሰው አገር ከሶ ተረታ። እዚህስ የከሰሰ አለ?"

ተነሥተው ነብር ደጅ ወረዱ። የጠየቁት ሦስት ነገር ነው፦ ለየጉድጓዱ የፈቀደው ዳኛ ማን ነው? ፈቃዱ እስከ መቼ ነው? የተሰማው ወሬ ምን ላይ ዋለ? ነብር አገሳ። ፊተኞቹ አፈገፈጉ፤ ከኋላ የመጣው ብዙ ነበርና መመለሻ አላገኙም። "ነገ ኑ" አላቸው። ነገም መጡ፤ ከነገ ወዲያም መጡ። በሦስተኛው ቀን ፍልፈሎቹ ራሳቸው "የዳኛው ፈቃድ የታለ?" ሳንል አንቆፍርም አሉ። ቅን ልብ አብቅለው አይደለም፤ አንድ ቀን ሶንጎ ፊት የሚቆሙት እነርሱ እንደሆኑ ስለገባቸው ነው።

የተረቱ ፍቺ ሩቅ አይደለም። ጉሬዛው በፍርድ ቤት ሰነድ "ኪዳኔ" ተብሎ የተጠራው፣ በሜሪላንድ የሚኖር ትውልደ ኢትዮጵያዊ አሜሪካዊ ነው። ክሱ እንደሚለው፣ በኢሜይል በመጣ ሰነድ ተደብቆ ኮምፒውተሩ ውስጥ የገባው ፊንስፓይ የተባለ የስለላ ፕሮግራም በ2005 ዓ.ም. ከ4 ወር በላይ የቤተሰቡን ግንኙነት ሲቀዳ ቆይቷል። ጉጉቷ የቶሮንቶ ዩኒቨርሲቲው ሲቲዘን ላብ ናት፤ በመጋቢት 2005 ዓ.ም. ባወጣችው ጥናት የፕሮግራሙን ዱካ ኢትዮጵያ ድረስ ተከትላለች። በኤሌክትሮኒክ ፍሮንቲየር ፋውንዴሽን ጠበቆች አማካይነት በየካቲት 2006 ዓ.ም. ዋሽንግተን ውስጥ በኢትዮጵያ መንግሥት ላይ የተመሠረተውን ክስ፣ ይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤት መጋቢት 5 ቀን 2009 ዓ.ም. ዘጋው። ምክንያቱ የዝሆኖቹ ምክንያት ነው።

ግንዱ ላይ የተቀረጸውም ሕግ አለን። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 26 የደብዳቤ፣ የስልክና የኤሌክትሮኒክስ ግንኙነታችን እንዳይደፈር ይደነግጋል። ብዙ የተወቀሰው የ2001ዱ የፀረ ሽብርተኝነት አዋጅ እንኳ የስልክ ጠለፋ በፍርድ ቤት ፈቃድ እንዲሆን ያዝ ነበር። በ2016 ዓ.ም. ደግሞ የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321 ወጥቷል። ሕግ አላነሰንም፤ ያነሰን ከሳሽና ጠያቂ ነው። ስለዚህ ጠበቃ የሆንክ መዝገብ ክፈት፤ የሕዝብ እንደራሴ የሆንሽ የጠለፋውን ሪፖርት አስቀርቢ፤ ጋዜጠኛውም ሦስቱን ጥያቄዎች ይዞ ደጁን ያንኳኳ። "ነገ ኑ" ቢሏችሁም ነገ ሂዱ።